ለጡረተኛው ሪድ-ዲር-አር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ሪድ-ዲር-አር
በሲ ቋንቋ ላይብረሪ ውስጥ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጡረታ ወጥተውም ወንበሩን አለመልቀቅዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ የፎልደርን ይዘት የሚያነቡት የሲ ቋንቋ ፈንክሽን (readdir_r)፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔስ ደህና አይደለሁም። ባለቤቶቹ የረሱትን አንድ አሮጌ ፕሮግራም ወደ አዲስ ሊኑክስ እንዳዛውር ተሰጥቶኝ፣ ገና ኮምፓይለሩን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን) ከማስነሣቴ ማያው ስምዎን በሚጠራ ማስጠንቀቂያ ተሞላ። ከእኔ በፊት የነበረ ጥንቁቅ ሰው ማስጠንቀቂያ ሁሉ እንደ ስሕተት እንዲቆጠር አዝዞ ስለሄደ፣ እርስዎ ካልተነሡ ሥራው አይነቃነቅም።

ጂሊብሲ፣ ማለትም በሊኑክስ የተለመደው የሲ ላይብረሪ፣ በ2.24 እትሙ «ከእንግዲህ አትጠቀሙባቸው» ብሎ ያሰናበተዎ እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር። ያኔ ያልተሰናበቱት ከዚህ ፕሮግራም ብቻ ይመስለኛል።

እስቲ አመጣጥዎን እናስታውስ። የፎልደርን ይዘት አንድ በአንድ የማንበቡ ሥራ የታላቅ ወንድምዎ የሪድ-ዲር ነበር። እርስዎ ደግሞ «እርሱ ብዙ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ባለበት አይታመንም፤ ዕቃችሁን (ውጤቱ የሚቀመጥበትን የሜሞሪ ቦታ) ይዛችሁ ኑ፣ እኔ በጥንቃቄ እሞላላችኋለሁ» ብለው ተቀጠሩ። ዕቃው ስንት እንደሚይዝ ግን አንድ ቀን እንኳን ጠይቀው አያውቁም። ሊጠይቁ ቢፈልጉም መጠኑን የሚቀበሉበት ቦታ የለዎትም።

በሊኑክስ ለፋይል ስም የተመደበው ዕቃ 256 ባይት ነው፤ የስሙን መጨረሻ የሚያመለክተው መዝጊያ ባይት ሲቀነስ 255። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የጽሑፍ አመዘጋገብ 3 ባይት ስለሚወስድ 85 ፊደል ይሞላዋል። በኤንቲኤፍኤስ (በዊንዶውስ አደረጃጀት) በተዘጋጀ ዲስክ ግን ስም እስከ 255 ፊደል ይፈቀዳል፤ ያ ሁሉ በእኛ ፊደል ቢጻፍ 765 ባይት ይሆናል። (እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ ሰው አለ ወይ አይበሉኝ። «የመጨረሻ የተስተካከለ እንደገና የታረመ» እያለ የሚያስረዝም የሥራ ባልደረባ የሌለው ማን ነው?) ታዲያ ዕቃው ሲጠብብዎ ወዲያው ቢናገሩ ምን ነበረበት? በጂሊብሲ ውስጥ ረጅሙን ስም ዘለው፣ የቀረውን ሁሉ አንብበው ከጨረሱ በኋላ ነው «ስሙ ረዝሟል» የሚሉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የሚያስቀው ደግሞ ወንድምዎ ያን ያህል የሚታማ አለመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ትሬድ ፎልደሩን ለራሱ ከፍቶ እስካነበበ ድረስ፣ ሪድ-ዲር በዛሬዎቹ ላይብረሪዎች ያለ አንዳች ጠብ ይሠራል። ሁለት ትሬድ በአንድ ክፍት ፎልደር ላይ ከተሻሙ መቆለፊያ ማበጀት የእኛ ሥራ ነው።

ይህን ሳውቅ ከስምዎ ጫፍ «አር»ን ፍቄ ወደ ቤቴ የምሄድ መስሎኝ ነበር። ክፋትዎ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እርስዎ ስሕተት ሲገጥምዎ ቁጥሩን ይመልሳሉ፤ ፎልደሩ ሲያልቅ ደግሞ በሌላ በር ናል («ምንም የለም» የሚል ባዶ አድራሻ) ይልካሉ። ወንድምዎ ግን ቢያልቅበትም ቢወድቅም መልሱ ያው ናል ነው። ለመለየት ከመጥራት በፊት ኤርኖን (የስሕተት ቁጥር የሚመዘገብበትን ቦታ) ዜሮ ማድረግ፣ ከጥሪው በኋላም ማየት ያስፈልጋል። እኔ አላደረግሁም። ፕሮግራሙ በኔትወርክ ከተገናኘ ዲስክ ላይ መጠባበቂያ ሲቀዳ መሐል ላይ ተሰናከለ፤ ግማሹን ይዞ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» አለኝ። አመሰገንሁት።

እርሱን አርሜ ሳልጨርስ ሌላ መጣ። የእርስዎ ውጤት በራሳችን ዕቃ ውስጥ ስለሚቀመጥ አሮጌው ኮድ አድራሻውን ይዞ እንደ ልቡ ይዘዋወር ነበር። ወንድምዎ የሚሰጠው ግን የውሰት ነው፤ ቀጣዩ ጥሪ ሊደመስሰው ይችላል፣ ፎልደሩ ሲዘጋም አብሮ ይሄዳል። ስሙን ወዲያው መገልበጥ ነበረብኝ። ትንሽ ፎልደር ላይ ስሞክረው ሁሉም አማረ፤ ትልቁ ላይ ስሞቹ እርስ በርስ ተበላሉ። ሦስት ቀን ዲስኩን ስከስስ ከረምሁ።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎ ከቀሩት ፋይሎች ሁሉ ዕቃዎን ሸክፈው እንዲለቁ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የኮድ አዛዋሪ

ግልባጭ፦
ያለንበትን ፎልደር አድራሻ ለሚነግረን ፈንክሽን ለጌት-ደብሊው-ዲ (getwd)፤ አንተም ዕቃ ሳትለካ ስትሞላ ኖረህ እ.ኤ.አ. በ2008 ፖዚክስ ከተባለው የዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ደረጃ ወጥተሃል። በዚሁ ፕሮግራም 3ኛ ፋይል ውስጥ ተደብቀህ አይቼሃለሁ።
ለሪድ-ዲር፤ ሲያልቅብህና ስትወድቅ ድምፅህን ብትለውጥ ምን ነበረበት?