ማስተካከያ፦ «-ኢሲሞ» «ከሁሉ የበለጠ» ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት ስለ ስፔንኛ ቅጽሎች ባወጣሁት ትምህርት «አልቲሲሞ» የሚለውን ቃል «ከሁሉ ረጅሙ» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ስህተት ነው። ትክክለኛው ትርጉም «እጅግ በጣም ረጅም» ነው። የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ ሰዋስው ሁለቱን ለይቶ ያስቀምጣቸዋል፤ በ«-ኢሲሞ» የሚያልቅ ቅጽል በራሱ ከማንም ጋር አያወዳድርም።

ልዩነቱን ሁለት ተራሮች ያሳዩናል። 3,479 ሜትር ከፍታ ያለው ሙላሴን «አልቲሲሞ» ነው፤ ከስፔን ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ግን 3,715 ሜትር የሚደርሰው ቴይዴ ነው። ስለዚህ «ኤል ቴይዴ ኤስ ላ ሞንታኛ ማስ አልታ ዴ ኤስፓኛ» እንላለን። እንደ ስሙ ጾታና ቁጥር «ኤል»፣ «ላ»፣ «ሎስ» ወይም «ላስ» ይቀድማል፤ ስሙ፣ «ማስ» («ይበልጥ») እና ቅጽሉ ይከተላሉ። ከአገሩ ስም በፊት የገባችውን «ዴ» ልብ በሉ። ስፔንኛን በእንግሊዝኛ በኩል የሚማሩ ብዙ ጊዜ በእሷ ፋንታ «ኤን» («ውስጥ») ያስገባሉ። እኛ ግን «ከክፍሉ ረጅሙ» ስንል «ከ» የምትሠራውን ሥራ ብናስታውስ ይበቃናል፤ አማርኛችን እዚህ ላይ ጥሩ መሪ ነው።

«ኤል ኦቴል ኤስ ካሪሲሞ» የሚለውን መልመጃ «ሆቴሉ ከሁሉ ውድ ነው» ብላችሁ የተረጎማችሁ «እጅግ ውድ ነው» በሉት። «ካሪሲሞ» ማጋነኛውን በውስጡ ስለያዘ «ሙይ» («በጣም») አይጨመርበትም። መጀመሪያውኑ «እጅግ ውድ ነው» ብላችሁ ጽፋችሁ በእኔ የመልስ ቁልፍ ምክንያት ነጥብ ያጣችሁ ትክክል ነበራችሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቁልፉ ዛሬ ታርሟል።