የሁለቱ ጣቶች ላቦራቶሪ

የአሮጌ መኪና ባለቤት ኮፈኑን ከፍቶ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ፣ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችውን ጠብታ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እያሸ ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ ያየ ሰው፣ ሳይንስ እስካሁን በከንቱ ሲደክም እንደኖረ ይገባዋል። በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ዘይት በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ወርዶ እስኪያልቅ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ እየቆጠሩ ውፍረቱን የሚለኩ ምስኪን ባለሙያዎች አሉ። በሁለት ጣት የሚያልቅ ነገር ነበር፤ ያውም ሞተሩ ሳይሞቅ። ፍርዱም ምንጊዜም አንድ ነው፦ «ቀጥኗል፤ ወፈር ያለ ይሻለዋል።» ወፍሮ ተገኝቶ የተወገዘ ዘይት እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ይህ ፍርድ የሚወደደው ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ነው። ኤስኤኢ እየተባለ የሚጠራው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ዘይቶችን በውፍረታቸው መመደብ የጀመረው በ1911 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ 10ደብሊው-40 ተብሎ በሚጻፈው ምልክት ውስጥ ከደብሊው የምትቀድመው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ የኋለኛዋ ደግሞ ሞተሩ ሲሞቅ ምን ያህል ውፍረት እንደሚተርፈው ትናገራለች። ይህን ያወቀ ሰው ሁለት ነገር ለማሰብ ይገደዳል። ባለ ሁለት ጣቱ ሊቅ ግን 50 ከ40 እንደሚበልጥ ካወቀ ዕውቀቱ ሞልቷል። በብርድ ማለዳ ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ እያቃሰተ፣ እንደ ረጋ ማር የከበደው ዘይት በሞተሩ አናት ወዳለው ቴስታታ እስኪዳህ ድረስ ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ፣ ሊቃችን ግን የዘይት ግፊት መለኪያው ቀስት ሽቅብ መውጣቱን እያየ ልቡ ይሞላል። ያ ግፊት የበረታው ዘይቱ በጠባቡ መንገድ አላልፍ ብሎ በመታገሉ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረው ሰው ምቀኛ ነው።

ከሁሉም የማደንቀው ግን ወፍራሙን ዘይት እንደ መድኃኒት የሚያዝዙትን ነው። ሞተሩ ሲያንኳኳ ወፈር ያለ ይጨመርለታል፤ ማንኳኳቱም ለጥቂት ጊዜ ዝቅ ይላል። ፒስተኑን የሚከበው ፋሻ አልቆ ወይም የቫልቩ ጎማ ደርቆ በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሲወጣ ከዚያም ወፈር ያለ ይደረግለታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ለሰው የተነገረ ነው፤ በመኪና ግን በሽታው የሚደበቀው በራሱ በመድኃኒቱ ነው፤ መኪናውን የሚገዛው ሰው እስኪመጣ ድረስ መደበቁ ደግሞ ከበቂ በላይ ነው። (በእውነቱ 20ደብሊው-50 እንዲሞላባቸው የተሠሩ አሮጌ ሞተሮች አሉ፤ ለተበላ ሞተርም በሞቃት አየር አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ነውር አይደለም። ይህን በቅንፍ ያስገባሁት መካኒኮች እንዳይቀየሙኝ ነው።)

ስለ ቀለምም ቢሆን ጥበባችን አያንስም። ዘይት ከተቀየረ በኋላ ቶሎ ከጠቆረ «ፎርጅድ ነው» ይባላል፤ ለወራት እንደ ወርቅ ካብለጨለጨ ይመሰገናል። በዘይቱ ውስጥ የሚጨመሩት አጣቢ ኬሚካሎች ጥላሸቱን ከፒስተኑ ላይ እያነሡ በዘይቱ ውስጥ ተንሳፍፎ እንዲቆይ ስለሚያደርጉት፣ የሚሠራ ዘይት መጥቆሩ የማይቀር ነው። እኛ ግን የሦስት ወር እድፍ የያዘ ልብስ ታጥቦበት ውሃው ኩልል ብሎ የቀረውን ሳሙና እንመርቃለን።

በዕቃው ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነገር ደግሞ ለሰነፎች የተተወ ነው። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ለቤንዚን ሞተር ዘይቶች በኤስ የሚጀምሩ ሁለት ፊደላትን ሰጥቷል፤ ከኤስኤ ተነሥቶ በ2020 እ.ኤ.አ. ኤስፒ ላይ፣ በ2025 ደግሞ ኤስኪው ላይ ደርሷል። መኪናውም አሮጌ ፊደሉም አሮጌ ይሁን የሚል ወግ አጥባቂ «ኤስኤ» የተባለውን ሲያገኝ ዘመዱን ያገኘ ያህል ይደሰታል፤ ተቋሙ ራሱ ይህ ዘይት ከ1930 እ.ኤ.አ. በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ ሞተሮች አይሆንም ብሎ ማስጠንቀቁ ደስታውን አይቀንሰውም። አዲሱን ፊደል ዓይኑን ጨፍኖ የሚገዛውም ወንድሙ ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍታቸው ቫልቩን በሚገፋው ጠፍጣፋ ታፔት ላይ እየተንሸራተተ የሚሠራ አሮጌ ሞተሮች፣ ብረቱን ከመፋቅ የሚጠብቅላቸውን የዚንክና የፎስፈረስ ውሁድ ይፈልጋሉ፤ ይሁን እንጂ ፎስፈረሱ የጭስ ማጽጃውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ስለሚመርዝ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የመጣው ኤስኤም የተባለው ደረጃ እንደ 5ደብሊው-30 ባሉት ቀጫጭን ዘይቶች ውስጥ መጠኑን ከ0.08 በመቶ እንዳያልፍ ገድቦታል። እንግዲህ የአሮጌ መኪና ባለቤት ሊጠይቀው የሚገባው ዋና ጥያቄ ይህ ነበር። መጠየቁ ግን መነጽር ማውጣትን ስለሚያስከትል፣ በዕቃው ፊት ላይ የተሳለችው የእሽቅድምድም መኪና ቀይ መሆኗ ከታየ ግዢው ይፈጸማል።

በፋብሪካ በኬሚካል የተቀመመው ሲንተቲክ ዘይት ይሞከር የሚል ሲመጣ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ተብሎ ይሳቅበታል፤ አሮጌ ሞተር ዘይት እንዲያንጠባጥብ ያደርጋል ይባላልና። ክሱ ፍጹም ሐሰት አይደለም። ዘይቱ ለዓመታት የተጋገረውን ዝቃጭ ሲያጥብ፣ ዝቃጩ ደፍኖት የኖረው ስንጥቅ ይገለጣል። ስለዚህ ባለቤቱ ቆሻሻውን እንደ ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ቆጥሮ መንከባከቡ አያስወቅሰውም።

ጨርሶ ዘይት የማይቀይሩትን ሳላነሣ ባልፍ ግን ግፍ ይሆንብኛል። «ይህቺ መኪና ዘይት ትበላለች፤ እኔም እጨምርላታለሁ፤ ስለዚህ ራሷን በራሷ ትቀይራለች» ይላሉ። ሞተሩ ዘይቱን አቃጥሎ ዝቃጩን ለራሱ ያስቀራል፤ ፊልትሮውም በቆሻሻ ሲደፈን ሞተሩ ዘይት እንዳያጣ ማለፊያ ቫልቩ ይከፈትና ያልተጣራው ሁሉ ያለ ጥያቄ ይገባል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የማከብራቸው ሰው መኪናቸውን ሲፈትሹ ደረስኩባቸው። «ጋሼ፣ መመሪያው መጽሐፍ ምን ዓይነት ዘይት ነው የሚለው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እሱ የተጻፈው እኮ መኪናዋ አዲስ ሳለች ነው» ብለው መለኪያውን መዘዙና፣ ከመሳቢያው ባወጡት የታጠፈ ወረቀት ጠረጉት። ወረቀቱ ላይ የአየር ሙቀትና የዘይት ደረጃ ሠንጠረዥ ነበረበት፤ ግማሹ ከዚህ በፊትም ተጠርጎበታል። መለኪያውን መልሰው ከተው አወጡ፤ ጠብታዋን አሹ፤ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

«ቀጥኗል» አሉና፣ ሳትነካ በቀረችው የሠንጠረዡ ጥግ ጣቶቻቸውን ጠረጉ።