ከሰሉ ብቻውን ቲማቲም አያድንም

የባክቴሪያ አጠውልግ የገባበት የቲማቲም ማሳ ያስታውቃል። ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን፣ ተክሉ እንደለመለመ ጥውልግ ይላል። ውሃ ቢያጠጡትም አይመለስም። ግንዱን ከሥሩ አካባቢ ቆርጣችሁ ጫፉን ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ብትነክሩት፣ ትንሽ ቆይቶ ነጣ ያለ ቀጭን ክር ወደ ታች ይወርዳል። ያ ክር ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም የተባለው ባክቴሪያ ነው። በሥር ገብቶ የውሃ መተላለፊያውን ደፍኖታል። እዚህ ከደረሰ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ድሮ ከአፈር የሚነሱ በሽታዎችን ለመከላከል አፈሩን በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ ማጠን የተለመደ ነበር። ጋዙ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ያደጉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2005፣ ታዳጊዎቹ ደግሞ በ2015 ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በስተቀር እንዲያቆሙ ተደረገ። ለእኔ ጥሩ ውሳኔ ነበር። ጋዙ ጠላትና ወዳጅ ሳይለይ ነበር የሚጨርሰው።

አሁን ወሬው ሁሉ ባዮቻር ሆኗል። የሰብል ተረፈ ምርት ወይም እንጨት፣ አየር በደንብ እንዳያገኝ ተደርጎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ350 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሲከስል የሚገኝ ከሰል ነው። እኔም እደግፈዋለሁ። የማልስማማው «አፈር ላይ በትኑት፣ በሽታው ይጠፋል» በሚለው አሻሻጥ ነው።

ከሰሉ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ቤት ነው። ውሃና ንጥረ ነገር ይይዛል፣ የአፈርን አሲድነት ይቀንሳል። ቤት ግን ተከራይ አይመርጥም። ስለዚህ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ቀድሞ ማስገባት ያስፈልጋል። ባሲለስ ሰብቲሊስና ዘመዶቹ ኢቱሪንና ፌንጂሲን የተባሉ ፈንገስ የሚያጠቁ ውህዶችን ያመርታሉ። ስፖር፣ ማለትም ተኝቶ የሚቆይ ጠንካራ ሽፋን ያለው ቅርጽ፣ ስለሚሠሩ ደርቀውም ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ በሥሩ ዙሪያ ያለውን ብረት ቀድሞ ይሻማና በሽታ አምጪውን ያስርበዋል። እሱ ግን ስፖር የለውም። ሙቀት ባለበት መጋዘን የከረመ የባክቴሪያ ፓኬት ገዝቶ ውጤት መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

በጣም የሚገርመኝ ቅጠሉ ላይ የሚታየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከ1 እስከ 5 በመቶ ባዮቻር በተቀላቀለበት አፈር ላይ ያደጉ ቲማቲምና ቃሪያ ቅጠላቸው ላይ የሚወጣው ግራጫ ሻጋታና አመዳይ በሽታ መቀነሱን አሳይቷል። ከሰሉ ቅጠሉን አልነካውም። ተክሉ ራሱ ከሥሩ ነቅቶ መከላከያውን አዘጋጀ ማለት ነው።

መጠኑ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ችግኝ በሚያበሰብሰው ራይዞክቶኒያ በተባለ ፈንገስ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች እስከ 1 በመቶ የሆነ ባዮቻር ሲረዳ፣ 3 በመቶ ሲደርስ ጥቅሙ ጠፍቷል፤ በሽታው የባሰበትም ጊዜ አለ። ጥሬው ከሰል ናይትሮጅን ይዞ ተክሉን ሊያስርብም ይችላል። ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ለሳምንታት ቢቆይ ይሻላል። አፈሩ ቀድሞውኑ ጨዋማና አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ) ከሆነ ደግሞ ባይገባበት ይመረጣል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ገበሬው ከየት ይወቀው? ከረጢቱ ላይ ከምን እንደተሠራ፣ በስንት ዲግሪ እንደከሰለና የአሲድነት ልኩ (ፒኤቹ) ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ቀለም የተቀባ እንጨት ወይም ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ከሰል አፈሩን ይበክላል። የባክቴሪያው ፓኬት ላይም ዝርያው፣ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው የሕያዋን ብዛትና ማብቂያ ቀኑ ይኑር። ተቆጣጣሪዎች ፀረ ተባይ ላይ ይህን ካስገደዱ እዚህስ ምን ይከለክላቸዋል?

እስከዚያው ማሳውን በሙሉ ከማልበስ በፊት ጥቂት መደቦችን ለይቶ መሞከር ይቻላል። አንዱ ከሰል ብቻ፣ አንዱ ባክቴሪያ ብቻ፣ አንዱ ሁለቱንም፣ አንዱ ምንም ሳይጨመርበት። ሙከራው ባለፈው ወቅት በሽታ የታየበት ቦታ ላይ ይሁን። በሽታ በሌለበት መሬት ሁሉም ነገር የሠራ ይመስላል።