ጭሱ በየት ይውጣ?

ድሬዳዋ ውስጥ ሚስማር መምታት የግል ጉዳይ አይደለም። መዶሻው ሁለቴ ሲሰማ ጎረቤት ብቅ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ መንገደኛ ይቆማል፣ ከዚያ "አቦ፣ እንደዚያ አይደለም!" የሚል ድምፅ ከአጥር ወዲያ ይመጣል። ለአንድ ሚስማር ይህ ሁሉ ከሆነ፣ የጭስ ማውጫ ቱቦ ለመግዛት ምን እንደሚሆን አስበው።

በዚያ ሙቀት ምድጃ ምን ያደርግላችኋል የምትል አዲስ አበቤ ካለህ፣ ለመሞቅ አይደለም። ለእንጀራ ነው። ግቢያችን ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ መብራቱ ግን የሚመጣው ሲፈልግ ነው። ሊጡ ደግሞ አይታገስም። በሰኔ ሙቀት ጠዋት የደረሰ ሊጥ ከሰዓት ይኮመጥጣል፤ መብራት እስኪመጣ ቆይ ብትለው አይሰማህም። ስለዚህ ጓሮ ባለችው ማድ ቤት የእንጨት ምድጃ ተሠራ፣ ምጣዱ ተቀመጠ፣ ከኋላው 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የጭስ ቀዳዳ ተተወለት። እዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ቀዳዳው ላይ ምን ይሰካ የሚለው ጥያቄ ነው ሰፈሩን የሰበሰበው።

ሰዓቱም ለስብሰባ ተመቸ። ድሬ ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ለፀሐይ ይለቀቃል፣ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ ፍራሽ ላይ ጋደም ይልና በርጫ ይጀመራል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መፍትሔ የማይገኝለት የዓለም ችግር የለም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መፍትሔውን የሚያስታውሰው ሰው መጥፋቱ ነው እንጂ።

መጀመሪያ አከራያችን ተናገረ። "ሽንት ቤት ስናሠራ የተረፈ ፒቪሲ አለ፣ ለምን ብር ታወጣላችሁ?" አከራይ በነፃ የሚሰጥህን ነገር ጠርጥር። ፒቪሲ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መልፈስፈስ ይጀምራል፤ ከምድጃ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ገና ምጣዱ ሳይሰማ ቱቦው ይጎብጣል፣ ከተቃጠለ ደግሞ አሲድ ያለበት ጋዝ ነው የሚያወጣው፣ ሳንባ አይምርም። ይህን ሁሉ አስረድቼው ሲያበቃ ምን አለ? "በቀስታ እሳት ጋግሩበታ።"

ብረታ ብረት ቤት ስሄድ ባለ ሱቁ ባለ ሁለት ኢንች የውሃ ቧንቧ አወጣልኝ። ከባድ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል። ለውሃ። የኛ ቀዳዳ 15 ሴንቲ ነው፣ ይሄ 5 ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና "ታዲያ ሦስቱን ውሰዳ! ሦስት አምስት አሥራ አምስት!" አለኝ። ሒሳቡ ከአፉ ሲወጣ እንዴት እንደሚያምር ብትሰማ። ክብ ነገር ግን እንደዚህ አይደመርም፤ አፉ በሦስት እጥፍ ሲጠብ ጭስ የሚያልፍበት ቦታ በዘጠኝ እጥፍ ነው የሚጠበው። ዘጠኝ ቧንቧ ያስፈልገኛል ብዬ ባስረዳው ደግሞ ዘጠኝ ሊሸጥልኝ ነው፣ ዝም ብዬ ወጣሁ። ምክር የሚሰጥህ ሰው ዕቃ ካለው ምክሩ ሁሌም የዕቃውን ቅርፅ ይይዛል።

በያጁ የተሻለ ነው ብዬ ነበር። ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንድ ጥቅል ጋልቫናይዝድ፣ ዚንክ የተለበጠ ላሜራ አሳየኝ፣ "ዝገት አያውቅም፣ አብሽር" አለ። አጠገቡ ግን የወተት ላስቲክ አየሁ። ምንድነው ስለው "ጋልቫናይዝድ ስበይድ ጭሱ ያመኛል፣ ወተት እጠጣበታለሁ" አለኝ። ወተቱ ይርዳው አይርዳው ለብቻው ጉዳይ ነው። እሱን በደጅ፣ በንፋስ የሚያመው ዚንክ፣ ከምጣድ ጀርባ በየሳምንቱ ሲጋል ማንን እንደሚያም አልጠየቀም። ሽፋኑ እኮ ከ200 ዲግሪ በላይ ከቆየ መላላጥ ይጀምራል፣ 419 ላይ ዚንኩ ራሱ ይቀልጣል። ከዘይት ቆርቆሮ ተጠቅልሎ በስታኞ፣ በሚቀልጥ የብየዳ ብረት፣ የተያያዘውን ቱቦም አሳየኝ። ረከስ ይላል። ስታኞው ግን ከቱቦው ቀድሞ ነው የሚፈሰው።

ወደ በርጫው ስመለስ ተራው የጡረተኛው የምድር ባቡር ሰው ነበር። እዚህ ከተማ ስለ ጭስ ስታወራ የባቡር ሰው ካልተናገረ ስብሰባው አልሞላም፤ ድሬ እኮ እንደ ፈረንጆቹ በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ የተወለደች ናት። እሱ ራሱ ናፍጣ ላይ ነው የሠራው፣ አባቱ ግን የእንፋሎቱን ዘመን ያውቃል። "የእንፋሎት ባቡር ጭስ ማውጫው አጭር ነው፣ ለምን እንደሚስብ ታውቃለህ?" አለኝ። አላውቅም አልኩት፣ ደስ ይበለው ብዬ። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በዚያው በጭስ ማውጫው ወደ ላይ ይተኮሳል፣ ሲተኮስ ጭሱን ጎትቶት ይወጣል፣ ጭሱ ሲወጣ እሳቱ አየር ይስባል። "ያንተ ምድጃ እንፋሎት አለው?" የለውም። "እንግዲያው ቁመት ስጠው!" በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ እውነተኛው ንግግር ይሄ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስለ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጭስ አልባነት እስከ አስር ሰዓት ተናገረ።

ካናዳ ያለው የአክስቴ ልጅም በኢሞ ገባ። እዚያ ሳሎኑ ውስጥ የእንጨት ምድጃ አስገብቷል፣ ለሙቀት። ቱቦው ስቴንለስ ነው፣ ድርብ ነው፣ በሁለቱ ግድግዳ መሃል ሙቀት የሚይዝ ነገር ተጠቅጥቆበታል፣ 650 ዲግሪ እንዲችል ተፈትኗል፣ ኢንሹራንሱም ባለሙያ አይቶ ካልፈረመ አልቀበልም ብሎታል። ምክንያቱን ሲያስረዳ ልጁ ልክ ነው። ውጭው በረዶ ስለሆነ ነጠላ ቱቦ ይቀዘቅዛል፣ ጭሱም ውስጡ ሬንጅ ሆኖ ይጋገራል፣ አንድ ቀን ያ ሬንጅ ራሱ ቱቦው ውስጥ ይያያዛል። ቤት የሚበላው ይሄ ነው። ከዚያ የአንዱን ሜትር ዋጋ በዶላር ነገረን። በርጫው ጸጥ አለ። አንዱ ብቻ ቀስ ብሎ "ባጃጁንም ይጨምራሉ?" አለ።

ጣጣው የባሰው ቱቦው በየት ይለፍ ሲባል ነው። በምሥራቅ በኩል ያለችው ጎረቤት መስኮቷ አለ። በምዕራብ የልብስ ማስጫ ገመድ። ጣሪያው ላይ የአከራዩ ዲሽ፣ ከዲሹ አጠገብ የአከራዩ ኒም ዛፍ፤ ቅርንጫፉ እንዳይነካ። ሰው ሁሉ የራሱን አስጠበቀ። በያጁ ተጠርቶ መጣና በእንጨት መሬት ላይ ንድፍ ጫረ፦ ከምድጃው ወጥቶ ወደ ግራ በጎሚቶ (በማጠፊያ ቱቦ)፣ ከመስኮቱ ሸሽቶ ወደ ቀኝ በጎሚቶ፣ ከዲሹ ሥር በጎሚቶ፣ ከኒሙ ዞሮ በጎሚቶ። የአገር ሽማግሌ የፈረደው ቱቦ በለው፣ ማንንም ሳያስቀይም የትም የማይደርስ። ሁሉም ተስማማ። ጭሱ ብቻ ነበር ያልፈረመው። ጭስ የሚወጣው ትኩስና ቀላል ስለሆነ ነው፣ በየጎሚቶው ስታጋጨው ይዘገያል፣ ይበርዳል፣ ጥቀርሻውን እዚያው ያራግፋል፣ ከዚያ ወደ መጣበት፣ ወደ ማድ ቤት ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አዴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የግቢውን እንጀራ የምትጋግረው እሷ ናት። እንግዲህ ልብ በል፣ እስከዚህ ድረስ ማንም አልጠየቃትም። እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተ ስለምንል እኩል ነን እንላለን፤ ማድ ቤት ላይ ሲደርስ ግን ውሳኔው ፍራሽ ላይ፣ እንባው ምጣድ ላይ ነው።

"ከናንተ ውስጥ አንድ እንጀራ ያሰፋ ማን ነው?" አለች።

ማንም።

"እሺ። ዓይኔን የሚያቃጥለው እኔን ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሄዳል። ጎሚቶ የሚባል እንዳላይ። አንቺም መስኮትሽን አትፍሪ፣ ጭሱ ካንቺ ጣሪያ በላይ ነው የሚያልፈው። ዲሹን የፈለገ ያንሳ።"

አከራዩ ዲሹን አነሳ። በአምስት ደቂቃ!

የተገዛው ወፈር ያለ ጥቁር ላሜራ ነው፣ ምንም ያልተቀባ፣ ስፋቱ ልክ እንደ ቀዳዳው 15። በያጁ አሁን ሥራውን በደንብ ሠራ፣ አዴ ወንበር ይዛ ፊቱ ስለተቀመጠች። የላይኛው ቱቦ ጫፍ ታችኛው ውስጥ ነው የገባው፣ እርጥብ እንጨት የሚያመጣው ጥቁር ውሃ በውስጥ እንዲወርድ እንጂ ውጭ እንዳይንጠባጠብ። ጣሪያው ላይ ቱቦው በሚያልፍበት ያለው ማገር በየአቅጣጫው 45 ሴንቲ ያህል ተቆርጦ በላሜራ ተተካ፤ ነጠላ ቱቦ አጠገብ እንጨት መተው እሳትን ግባ ማለት ነው። ቁመቱ ከጣሪያው 90 ሴንቲ አለፈ፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ነገር ሁሉ ደግሞ በ60 ሴንቲ በለጠ፣ ዝናብ እንዳይገባ ኮፍያ ተደረገለት። የኒሙ ቅርንጫፍም ተቆረጠ፤ አከራዩ ዛፉን ቢወድም ለአዴ መልስ አልነበረውም። አንድ ጎረቤት አጥር ላይ ሆኖ "ሲሚንቶ ፋብሪካ ልትከፍቱ ነው?" አለ።

የመጀመሪያው ቀን ጭሱ ትንሽ ተመለሰ፣ በርጫውም "አላልንም?" ለማለት ተነሳ። አዴ ግን ካርቶን ቀደደችና ቱቦው ሥር አነደደች። የድሬ አየር በቀን ራሱ ትኩስ ስለሆነ ያልሞቀ ቱቦ ወዲያው አይስብም፣ መጀመሪያ እሱን ማሞቅ ነው። ካርቶኑ ሳያልቅ ቱቦው ጎተተ። ማድ ቤቱ ጠራ። አዴ ሳታለቅስ ጋገረች።

ቅሬታ አይቀርም ታዲያ። በሦስተኛው ቀን የምሥራቋ ጎረቤት፣ ለመስኮቷ ያን ያህል የተከራከረችው፣ ፊቷን ቋጥራ በር አንኳኳች።

"ዛሬ አልጋገራችሁም?"

"ጋግረናል።"

"ጭስ የለማ!"

"ወደ ላይ ሄደ፣ አንቺ ጋ እንዳይመጣ።"

"አቦ! ታዲያ ሰው ትኩስ እንጀራ እንዳለ በምን ይወቅ?"