የእናቶቻችን የሕይወት ታሪክ ለምን ግማሽ ገጽ ይሆናል?

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ልብ ብላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የአባት ከሆነ የሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ያገኘው ሹመት፣ የተሸለመው ሁሉ ይዘረዘራል። የእናት ሲሆን ተወለዱ፣ አገቡ፣ ይህን ያህል ልጅ ወለዱ፣ «ደግና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» ተብሎ ያበቃል። ደሴ ላይ የእናቴም እንዲሁ ተነቦ አለቀ። ውሸት የለበትም። ግን ምን ሠርታ እንዳለፈች ከዚያ ወረቀት ማንም አያገኝም።

እኔ ሥራዋን የሰማሁት ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። የእቁብ ጓደኛዋ የነበሩ ሙስሊም ጎረቤታችን አጠገቤ ተቀምጠው «እናትህኮ እቁቡ ክረምት ላይ ሲደርሳት ደስ አይላትም ነበር» አሉኝ። ቀድሞ ከወጣላት መስከረም ላይ ከሚደርሰው ሰው ጋር ትለዋወጥ ነበር። መስከረም የደብተርና የዩኒፎርም ወር ነዋ! አንድ ዓመት እኚሁ ሴትዮ የደረሳቸውን ዕጣ ለቀውላታል። እኛን ግን «አባታችሁ ነው የገዛላችሁ» ትለን ነበር።

ሌላውን እኔው አውቀዋለሁ። ማንበብ አትችልም። ማታ ሳጠና ግን እንዝርቷን ይዛ አጠገቤ ትቀመጣለች። የደሴ ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፍ ላይ ነው የሚያድረው። ጋቢውን እኔ ላይ ጣል አድርጋ እሷ በነጠላ ትፈትላለች። ደብተሬን ስትገልጥ የምትፈልገው ቀይ እስክሪብቶ ነው። ራይትና ኤክስን ለይታለች። ኤክሱ ከበዛ «መምህሩ ዛሬ ተቆጥቷል እንዴ?» ብላ ወደ ፈትሏ። ቁጣ የለ፣ ምክር የለ።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሕዝቡ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ብርሃን ተመመ። እሷ ከቤት ይዛ የወጣችው አንድ ፌስታል ነው። ውስጡ የልጆቿ ሰርተፍኬትና የአባታችን የጡረታ ደብተር። ወርቋ ቤት ቀረ። ስንጠይቃት «ወርቅ ይገዛል» አለችን።

«የእናት ውለታ አይቆጠርም፣ መቁጠሩም ነውር ነው» የሚል አይጠፋም። አልስማማም። የአባትን ሹመት ስንቆጥር ማን ነውር አለ? የከተማችን ስመ ጥር ትምህርት ቤት የተሰየመው በወይዘሮ ስኂን ነው። ማን ናቸው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የሚያውቅ ከተገኘ፣ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ይላችኋል። ልክ ነው። እሳቸው ራሳቸውስ ምን ሠሩ ስትሉ ግን መልስ የለም። የንጉሥ ልጅ እንዲህ ከሆኑ የእኛ ቤት ፈታይ ምን ልትሆን ነው?

የሕይወት ታሪኩን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው «እሱ መጻፍ ይችላል» የተባለ ወንድ ዘመድ ነው፤ ያውም ሌሊት፣ በጥድፊያ። ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት እቁብተኞቿንና ቡና የምትጠራራቸውን ሴቶች ቢጠይቅስ? «እቁባቸውን ወደ መስከረም እያዛወሩ ልጆቻቸውን አስተማሩ» የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር ማንን ትጎዳለች?

እናታችሁ በሕይወት ያለች ደግሞ ዘመድ እስኪጽፍ አትጠብቁ። ቡና ሲፈላ ራሷን ጠይቋት። አቦል ላይ «እኔ ደግሞ ምን ሠራሁና!» ትላለች። አትነሱ፤ በረካው እስኪደርስ ትጀምራለች።