«ሜሞሪ ርካሽ ነው» የምትሉን ለማን ነው?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የቴክኖሎጂ ውይይት የተጋበዙ ባለሙያ፣ የዛሬ መተግበሪያዎች ስልክ ለምን እንደሚያጨናንቁ ሲጠየቁ «ሜሞሪ ርካሽ ነው፤ ባይት መቆጠብ ቢል ጌትስ 640 ኪሎባይት ለሁሉም ይበቃል ካለበት ዘመን ጋር ቀርቷል» ሲሉ መለሱ። ጠያቂውም ዝም ብሎ አለፋቸው።

ጌትስ ይህን ስለማለቱ ማስረጃ ያመጣ የለም፤ ራሱም ደጋግሞ አስተባብሏል። አንድን ዘመን ለመናቅ የተያዘው ማስረጃ ይህ ከሆነ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ወድቋል። የ640 ኪሎባይቱን ወሰን ያመጣው ሃርድዌሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር (ፒሲ) የተሠራበት ኢንቴል 8088 ፕሮሰሰር ከ1 ሜጋባይት ያለፈ ሜሞሪ ማየት አይችልም ነበር። አይቢኤም ከዚያ ላይ 384 ኪሎባይቱን ለስክሪንና ለመሳሰሉት ሲይዘው ለፕሮግራሞች 640 ቀረ።

ታዲያ የዚያ ዘመን ባለሙያዎች ምን አደረጉ? ሎተስ 1-2-3 የተባለው የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ሠንጠረዥ አድጎ አልበቃ ሲል፣ በ1985 ሎተስ፣ ኢንቴልና ማይክሮሶፍት አንድ መላ ላይ ተስማሙ። ተጨማሪው ሜሞሪ በካርድ ይገባል፤ ፕሮሰሰሩ ግን አያየውም። ስለዚህ አይቢኤም ከያዘው ከላይኛው ክፍል 64 ኪሎባይት የምታህል መስኮት ከፍተው ባለ 16 ኪሎባይት አራት ገጾች አደረጓት። ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ገጽ በመስኮቷ ያስመጣል፤ ሲጨርስ በሌላ ይተካዋል። አድራሻው ያው ነው፤ ከጀርባው ያለው ሜሞሪ ግን ይለዋወጣል። ይህን የሚጽፍ ሰው የትኛው መረጃ አሁን እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው እንደሚቆይ አብጠርጥሮ ማወቅ ነበረበት። ዛሬ ከብዙ መተግበሪያ የጠፋው ይህ ዕውቀት ነው፤ አልሚዎቹን ማንም በግድ አላስጣላቸውም፣ ራሳቸው ጣሉት! እነዚያ ሰዎች ከ8088 በኋላ ከመጣው የኢንቴል 286 ፕሮሰሰር ጠባይ እንኳ 64 ኪሎባይት ገደማ ትርፍ ቦታ ፈልቅቀው አውጥተዋል፤ በ1991 የወጣው የማይክሮሶፍት ስርዓተ ክወና ዶስ 5 የራሱን ከፊል አካል እዚያ አዛውሮ ለተጠቃሚው ቦታ ለቅቋል።

አድካሚ ሥራ መሆኑን አልክድም። ግን ድካሙን የተሸከመው ፕሮግራሙን የጻፈው እንጂ የገዛው ብቻ አልነበረም። አሁን ሸክሙ ተገላብጦ ደመወዙን አጠራቅሞ ባለ 2 ጊጋባይት ስልክ በገዛው ሰው ላይ ወድቋል። 2 ጊጋባይት የ640 ኪሎባይት 3,200 እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ሜሞሪ ላይ የጽሑፍ መልእክት መላኪያ ሲንቀራፈፍ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም፤ የስንፍና ነው። «ስልክህን ቀይር» የምትሉ አልሚዎች መጀመሪያ የሠራችሁትን በዚያው ርካሽ ስልክ ላይ ጭናችሁ አንድ ሳምንት ተጠቀሙበት።