«ሰነፍ» ማለት ይብቃን

የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ አማካሪዬ አንዱን ረቂቅ አርሞ በኢሜይል ላከልኝ። ፋይሉን ለመክፈት 19 ቀን ፈጀብኝ።

ለማረም አላልኩም፤ ለመክፈት ብቻ። በእነዚያ ቀናት እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። መጻሕፍቴን እንደገና ደረደርኩ። ስልኬ ላይ የተከማቹ ፎቶዎችን አንድ በአንድ እያየሁ አጠፋሁ። ለዓመታት ያልተነካ መሳቢያ አጸዳሁ። ማታ ማታ ላፕቶፑን እከፍትና ፋይሉን አየዋለሁ። ልቤ ድው ድው ይልብኛል። ከዚያ «ነገ ጠዋት፣ ጭንቅላቴ ትኩስ ሲሆን» ብዬ እዘጋዋለሁ። ሲነጋም ያው ነው።

በመጨረሻ ስከፍተው 11 አስተያየት ነበረበት። አብዛኛው የነጥብና የቃላት እርማት ነው። አንዱ እንዲያውም አድናቆት ነበር። ከባዱ አንድ ብቻ ነው፤ ምዕራፍ ሦስት እንደገና ይደራጅ የሚል። ሁሉንም በሁለት ቀን ጨረስኩት።

እነዚያን ቀናት ሳስብ አሁንም ያመኛል። ከባከነው ጊዜ በላይ የሚያመኝ በየምሽቱ ራሴን የሰደብኩት ስድብ ነው። «ሰነፍ! የማትረባ!» እያልኩ ነበር የምተኛው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ስድብ ነው። ነገሩ ስንፍና አልነበረም። ስድቡም ከፋይሉ ይበልጥ አራቀኝ እንጂ አላቀረበኝም።

ሰነፍ ሰው መሥራት አይፈልግም፤ ባለመሥራቱም እንቅልፍ አያጣም። ዛሬ ነገ የሚል ሰው ግን መሥራት ይፈልጋል። መዘግየቱ እንደሚጎዳውም ያውቃል። እያወቀ ያዘገያል። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ፒርስ ስቲል እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ዳተኝነትን የተረጎሙት በዚሁ መልክ ነው፦ ልንሠራው ያሰብነውን ነገር፣ መዘግየቱ እንደሚጎዳን እያወቅን፣ በገዛ ፈቃዳችን ማቆየት። ስለዚህ መረጃ እስኪሟላ የሚጠብቅ ሰው ዳተኛ አይደለም። ደክሞት ያረፈም እንደዚሁ።

ታዲያ እያወቅን ለምን? ቲም ፒቺል እና ፉሺያ ሲሮይስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለዚህ ያቀረቡት መልስ ለእኔ ብዙ ነገር ገልጦልኛል። የምንሸሸው ከሥራው ሳይሆን ሥራው ከሚያመጣብን ስሜት ነው ይላሉ። ስሜቱ ፍርሃት ሊሆን ይችላል። መሰልቸት ሊሆን ይችላል። ከየት እንደሚጀመር ግራ መጋባት፣ ወይም ሥራውን ባዘዘን ሰው ላይ ያለን ቂምም ይሆናል። ፋይሉን ስዘጋው ወዲያው ቅልል ይለኝ ነበር። አእምሮ ይህችን እፎይታ አይረሳትም። በማግስቱ ያው ጭንቀት ሲመጣ ያችኑ መውጫ ያሳየናል። ልማዱ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ በየቀኑ በትንሽ እፎይታ እየተከፈለ።

ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ የነገው እኛ ነን። ለብዙዎቻችን ያ ሰው ባዕድ ነው። ሃል ኸርሽፊልድ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የአእምሮ ምስል እያነሱ ይህንን አጥንተዋል። ሰዎች ከዓመታት በኋላ ስለሚሆኑት ማንነት ሲያስቡ አእምሯቸው ስለ ሌላ ሰው እንደሚያስብ ዓይነት ምልክት አሳይቷል። «ነገ እሠራዋለሁ» ስንል ሸክሙን ለማናውቀው ሰው አሸክመን መሄዳችን ነው።

«እኔ የምሠራው ሲጨንቀኝ ነው» የሚሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። እኔም እል ነበር። ዳያን ታይስ እና ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1997 ተማሪዎችን ተከታትለው ያገኙት ግን ሌላ ነው። ሥራ የሚያዘገዩት ተማሪዎች በመንፈቅ ዓመቱ መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ ያነሰ ጭንቀት ነበራቸው። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ግን ጭንቀታቸውም ሕመማቸውም ከሌሎቹ በለጠ፤ ውጤታቸውም ዝቅ አለ። በመጨረሻዋ ሌሊት ስንሠራ ጎበዝ የሆንን ይመስለናል። ጊዜ ቢኖረን ምን ልንሠራ እንችል እንደነበር ግን አናየውም።

እዚህ ላይ ነው ስድቡ የሚጎዳን። የምንሸሸው ከመጥፎ ስሜት ከሆነ፣ ራሳችንን ስንሰድብ ሥራው ላይ ሌላ መጥፎ ስሜት እንጨምርበታለን። በማግስቱ ፋይሉን ስናይ ፍርሃቱ ብቻ ሳይሆን እፍረቱም አብሮ ይጠብቀናል። መልስ ያልሰጠነው መልእክትም እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት መስመር ይበቃው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ይቅርታው ከመልሱ ይረዝማል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል። ተመራማሪዎቹ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ተከታትለው ነበር። ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን በማዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉት፣ ለሁለተኛው ፈተና ሲዘጋጁ ያዘገዩት ያነሰ ነበር። ራስን ይቅር ማለት ራስን ማሞላቀቅ የሚመስላቸው ሰዎች ይህንን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ይቅርታ ጥፋቱን አይክድም። «አዎ፣ አዘግይቻለሁ፤ አሁን ልጀምር» ለማለት የሚያስችል ቦታ ይሰጣል እንጂ።

ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል። የቤት ሥራውን ያልጀመረን ልጅ «አንተ እኮ ሰነፍ ነህ» ስንለው ስም እየሰጠነው ነው። ልጁ ስሙን ይዞት ያድጋል። ምናልባት ጥያቄው ሳይገባው ቀርቶ፣ ለመጠየቅ አፍሮ ይሆናል። ማን ጠየቀው?

እኔን የረዳኝ ነገር ቀላል ነው። «ምዕራፉን አርማለሁ» ማለቴን ተውኩ። «ፋይሉን ከፍቼ የመጀመሪያውን አስተያየት ብቻ አነባለሁ» አልኩ። መቼና የት እንደምሠራው አስቀድሞ መወሰንም ይሠራል። የጀርመኑ የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ይህንን ነው። «በዚህ ሳምንት እጽፋለሁ» ከማለት «ቁርስ በልቼ እንደተነሳሁ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ» ማለት ሥራውን የመፈጸም ዕድላችንን ከፍ ያደርገዋል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የመሸሻው በር ሲርቅ የመሸሽ ፍላጎቱም ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ማዘግየቱ ሥራን ብቻ ሳይሆን መብላትን፣ መታጠብንና ሰው ማግኘትን ጭምር ከያዘ፣ ከበስተጀርባው ድባቴ ወይም እንደ ኤዲኤችዲ ያለ የትኩረት ችግር ሊኖር ይችላል። ያኔ የሚያስፈልገው ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። የሰዓት አጠቃቀም ምክር አይበቃውም።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ መሙላት አቅቶት ወደ እኔ መጣ። ሦስት ሳምንት ከፍቶ ዘግቶታል። «እኔ እኮ ሰነፍ ነኝ» አለኝ።

«የቱ ጥያቄ ጋ ስትደርስ ነው የምትዘጋው?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «ስለ ራስህ ጻፍ የሚለው ጋ።»

«እዚያ ስትደርስ ምን ይመጣብሃል?»

«የምጽፈው ነገር የለኝም የሚል።»

ለአሥር ደቂቃ ብቻ፣ መጥፎም ቢሆን፣ ዝም ብሎ እንዲጽፍ ተስማማን። እኔም መጽሐፍ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አራት መስመር ጻፈ። ሁለቱን አጠፋና እንደገና ጀመረ። የስልኬ ደወል ሲጮህ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።